የጠፉ ወታደሮች ጉዳይ፦ ከኦጋዴን ግንባር እስከ ምዕራብ ዓባያ



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ የእድር ስብሰባ እጀምራለሁ። ዘመኑ 1993 ዓ.ም.፣ ቦታው ከዚህ በስተሰሜን በዓባያ ሐይቅ ዳር ከሚገኙት ቀበሌዎች አንዱ ነው። የአንዲት እናት ልጅ በ1991 ዓ.ም. ወደ ባድመ ግንባር ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰንብቷል። አብረውት ከዘመቱት መካከል የተመለሱ አሉ፤ አንዱ “ሲወድቅ አይቻለሁ” ይላል፣ ሌላው “ቆስሎ ሲያነሡት አይቻለሁ” ይላል። ከመንግሥት የመጣ መርዶ የለም። እድሩ የተሰበሰበው ለእናቲቱ የሐዘን ገንዘብ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ላይ ለመወሰን ነበር። ደንቡ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ “ሲሞት” ይላል እንጂ “ሲጠፋ” የሚል አንቀጽ የለውም። ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ እናቲቱ ተነሡና ገንዘቡን እንደማይቀበሉ ተናገሩ። ገንዘቡን መቀበል ልጃቸውን በገዛ እጃቸው መቅበር ሆኖ ታያቸው። እኔ በዚያ የተገኘሁት በዘመድነት እንጂ በተመራማሪነት አልነበረም፤ ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ አልተለየኝም።

የእድሩ ደንብ ዝም ያለበትን ጉዳይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዝምታ አላለፈውም። በአንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፣ የንብረቱም ጉዳይ መልክ ይይዛል። ሕጉ ለመንገደኛና ለነጋዴ በቂ ሊሆን ይችላል። ለወታደር ግን አንድ እንግዳ ነገር አለበት። ወታደሩን ከቤቱ የወሰደው፣ ቁጥር የሰጠውና በደመወዝ መዝገብ ያሰፈረው መንግሥት ነው፤ ጠፍቷል ብሎ የማመልከቱ ሸክም ግን በሚስቲቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከሳሽም ምስክርም እርሷው ትሆናለች ማለት ነው። ዳኛው የሚፈርደው በዝምታ ላይ ነው፤ ዝምታው የማን እንደሆነ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ የቃሉን አሻሚነት ልብ እንበል። በአማርኛችን በሬም ይጠፋል፣ መብራትም ይጠፋል፣ ከጦር ሰፈር የኮበለለም “ጠፋ” ይባላል። በሠራዊት መዝገብ ከአንድ ስም አጠገብ “የጠፋ” ተብሎ ሲጻፍ ከዳ፣ ተማረከ ወይስ ሞተ የሚለውን ማንም አይለይም። ቤተሰቡም ከሐዘኑ በተጨማሪ ሐሜቱን ይሸከማል።

ታሪካችን የሚያሳየው፣ የጠፉ ሰዎች ስም እስካሁን የተመለሰው በመንግሥት ቆጠራ ሳይሆን በአብዛኛው ሰዎቹ ራሳቸው በእግራቸው ሲመለሱ መሆኑን ነው። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን ወረረ፤ ጦርነቱ በ1970 ዓ.ም. አበቃ። ሁለቱ መንግሥታት ምርኮኛ ለመለዋወጥ የተስማሙት ግን በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አማካይነት ከ3,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነርሱ አንዱ የጦር አውሮፕላን አብራሪው ለገሠ ተፈራ ነበሩ፤ አሥራ አንድ ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተዋል። እስኪ አስቡት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ተዝካር ይወጣል፣ ሚስት ታገባለች፣ ሕፃን የነበረ ልጅ ጎረምሳ ይሆናል። የሚያስደነግጠው የምስራቹ ሌላ ገጽ ነው። ካልተመለሱት መካከል ማን በጦር ሜዳ፣ ማን በእስር ቤት እንደሞተ ለየቤተሰቡ የሚነግር የታተመ ዝርዝር አብሮ አልመጣም። የሚቀጥለው ጦርነት የጀመረው ያኛው ሒሳብ ሳይዘጋ ነው።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ሰነድ ያለው ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የተፈረመው ስምምነት ሁለቱም ወገኖች ምርኮኞችን ሳይዘገዩ እንዲለቁ ያዝዝ ነበር። ሆኖም ኤርትራ 279 ኢትዮጵያውያንን የለቀቀችው በነሐሴ 1994 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያም የመጨረሻዎቹን ኤርትራውያን የለቀቀችው በኅዳር 1995 ዓ.ም. ነው። የካሳ ጥያቄዎችን የመረመረው ኮሚሽን በሰኔ 1995 ዓ.ም. ውሳኔው ሁለቱንም ተጠያቂ አደረገ፤ ኤርትራን ቀይ መስቀል ምርኮኞችን እስከ ነሐሴ 2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንዳይጎበኝ በመከልከሏ፣ ኢትዮጵያን ደግሞ የመጨረሻዎቹን ምርኮኞች በማዘግየቷ።

ኢትዮጵያ ለመዘግየቷ ካቀረበቻቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ኤርትራ ስለ ጠፉት ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች መልስ አልሰጠችም የሚል ነበር። ከእነዚህም ስማቸው በይፋ የሚነሣው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ናቸው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. አውሮፕላናቸው አስመራ ላይ ተመትታ በሕይወት ተያዙ። ከዚያ በፊትም በኤርትራ ግንባር ተማርከው ለዓመታት ታስረው ነበር። ቀይ መስቀል የት እንደደረሱ ደጋግሞ ጠይቋል፤ መልስ ግን አልተገኘም። በሕይወት መያዛቸው የታወቀ ሰው እንኳ ሊጠፋ ከቻለ፣ በጾረና ምሽግ በሌሊት የጠፋውን እግረኛ ማን ይጠይቅለታል? መንግሥታችን ስለ በዛብህ የጠየቀው ጥያቄ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ያንኑ ጥያቄ ከራሱ ዜጋ ሲቀርብለት አለመመለሱ ነው። ኤርትራ 19 ሺህ ያህል ወታደር እንደሞተባት በ1993 ዓ.ም. ተናገረች፤ በእኛ በኩል የሟቾቹ ስም ዝርዝር ለሕዝብ አልወጣም። በእድሩ ስብሰባ የተነሡት እናት መልስ ያጡት በአስመራ ብቻ አልነበረም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስመጣ፣ ለብዙዎቻችሁ ጉዳዩ ታሪክ ሳይሆን የቤት ሐዘን መሆኑን አውቃለሁ። በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት እውነትን ማፈላለግና ተጠያቂነትን የሚያካትት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲኖር አስገድዷል፤ ፖሊሲውም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። በትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የተሰዉ ተዋጊዎችን መርዶ ለየቤተሰቡ አድርሶ የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ። ስለዚያ አስተዳደር ማንም የፈለገውን ቢያስብ፣ መርዶ ነጋሪ በየደጃፉ መላክ ከዚህ ቀደም ያላየነው ነገር ነው።

ነገር ግን ይህን ንግግር በአርባ ምንጭ ቆሜ እያቀረብሁ መቀሌን ጠቅሼ ምዕራብ ዓባያን ብዘል አፍራለሁ። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ኅዳር 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በምዕራብ ዓባያ አቅራቢያ በሚገኝ የማቆያ ሰፈር ታስረው በነበሩ የትግራይ ተወላጅ የሠራዊቱ አባላት ላይ ኅዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠባቂዎች ተኩስ እንደከፈቱባቸው፣ ቢያንስ 83 እስረኞችም እንደሞቱ ወይም ደብዛቸው እንደጠፋ ከተረፉት ጠይቆ ጽፏል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ኃላፊም ግድያው መፈጸሙን ለጋዜጣው አረጋግጠው፣ መሥሪያ ቤታቸው እየመረመረው እንደሆነ ተናግረዋል።

የታሪክ ባለሙያ እዚህ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ከፖለቲከኛው ይለያል። እስካሁን ያነሣኋቸው ሰዎች የጠፉት በጦርነት ጭስ ውስጥ ወይም በጠላት አገር ነው። የምዕራብ ዓባያዎቹ ግን አልተማረኩም፣ ከድተውም አልሄዱም፤ የጦር ግንባሩም ከዚህ እጅግ ሩቅ ነበር። የራሳችን ሠራዊት ባልደረቦች ሆነው፣ በራሳችን መንግሥት ጥበቃ ሥር፣ በአንድ በታወቀ ግቢ ነበሩ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛውና ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው አንደኛው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮልም በአንቀጽ 32 ቤተሰብ የዘመዱን መጨረሻ የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ይህ አንቀጽ የተጻፈው በመንግሥታት መካከል ለሚደረግ ጦርነት ነው፤ ለጠላት ወታደር እናት የታወቀውን መብት ለገዛ ወታደራችን እናት መንፈግ ግን በምን ሚዛን እንደሚያስኬድ አላውቅም።

ለምርምር የተነሣሣችሁ ተማሪዎች “ማስረጃው ከየት ይገኛል?” ትሉኝ ይሆናል። ሠራዊት ያለ ወረቀት አይንቀሳቀስም። እስረኛ ሲገባ ይመዘገባል፤ ጠዋትና ማታ ይቆጠራል፤ ቀለብ የሚወጣው በሰው ቁጥር ነው፤ ጠባቂም በተራ መዝገብ ይመደባል። የኅዳር 11 የቀለብ ወረቀትና የኅዳር 13 የቀለብ ወረቀት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነታቸው ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥሩ ከስም መቆጣጠሪያው ጋር ቢመሳከር ደግሞ ስም ይሆናል። በኦጋዴን በረሃ የቀረውን ወታደር በዚህ መንገድ ማግኘት አይቻልም፤ እነዚህን ግን ይቻላል። ወረቀቶቹን የመጠየቅ መብት በመጀመሪያ የቤተሰቦቹ ነው፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የእኛ ነው፤ ምክንያቱም ሰፈሩ ያለው በእኛው ዞን ነው።

ከእድሩ ስብሰባ በኋላ እናቲቱ ለብዙ ዓመታት ከብርብር ገበያ ሲመለሱ መኪና በቆመ ቁጥር ዘወር ብለው ያዩ እንደነበር ጎረቤቶቻቸው ነግረውኛል። ያረፉት መርዶውም ሳይደርሳቸው፣ ልጁም ሳይመጣ ነው። እድሩ የቀብራቸውን ወጪ ሲችል፣ የልጃቸውን ስም ከአባላት ቤተሰብ ዝርዝር እስካሁን አልሰረዘውም።