ሁለቱ 1967 እና የእናቴ ድስት

ባለፈው ፋሲካ ሁሩታ፣ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ቲክቶክ ላይ ያየችውን “ክሪሚ ቬጅቴብል” ልሥራ ብላ ማድ ቤቱን ተቆጣጥራለች። ችግሩ ክሬሙ ነው፤ እሷ የምትለው የታሸገ ክሬም በየሱቁ ብንጠይቅ የለም። እናቴ ቆማ ስታያት ቆየችና፣ “ድንችና ካሮት በወተት ማለትሽ ነው? ሲያምሽ ሁሉ የማበላሽ እሱን አይደል እንዴ?” አለቻት።

አያቴ ደግሞ ከተቀመጡበት ሆነው፣ “እሱም ቢሆን የፈረንጅ ላም ያመጣው ነው። ድሮ ጥሬ ወተት ድስት ላይ ማን ያፈስ ነበር?” አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ “ድሮም እንዲህ ነበር” ሲባል “ከመቼ ጀምሮ?” ብሎ ወደ ኋላ መቆፈር ልማድ ሆኖብኛል። እናቴ ምግቡን የልጅነቷ አድርጋ ነው የምታስበው፣ እህቴ የቲክቶክ። አያቴ ብቻ የጀመረበትን ጊዜ ያውቃሉ።

አያቴ “ድሮ” የሚሉት ጎመን በአይብን ነው። የአገር ላም ወተቷ ትንሽ ነው፣ ግን ቅባት አለው። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ትንሽ ወተት የሚያዋጣው ሳይበላሽ በማደር ሳይሆን “በደንብ በመበላሸት” ነው። የየቀኑ ወተት በወይራ በታጠነ ቅል ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ይናጣል። ቅቤው ይወጣና ለገበያ ወይም ለጸጉር ይሆናል። የቀረው አሬራ በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ አይቡ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይጠላል። ጎመኑ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተጨምቆ፣ ደቅቆ ይከተፍና በነጭ ሽንኩርትና በኮረሪማ ንጥር ቅቤ ውስጥ ይሞቃል። አይቡ የሚገባው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። ይህን የመሰለ ምግብ ለመሥራት የብዙ ቀን ወተት ስለሚያስፈልግ የዓውደ ዓመት ነበር። ማክሰኞ ማታ ስለበረደ ብቻ ጎመን በአይብ አይሠራም።

እንግዲህ ወተቱ መቼ በዛ? እዚህ ላይ አርሲ ከሌላው አገር የተለየ ታሪክ አላት። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በ1967 እ.ኤ.አ. የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን አሰላ ላይ አቋቋሙ። አርሲ ውስጥ “ካዱ” ካላልክ ግን ማንም አይገባውም። ማዳበሪያ፣ ምርጥ የስንዴ ዘርና ብድር ይዞ መጣ። ከዚያም ጋር ከብት ማዳቀል። የአርሲ ላሞች ከፍሪዥያን ኮርማ እየተዳቀሉ ክልሶቹ ወደ ገበሬው ይሄዱ ጀመር። ልዩነቱን ለማየት፣ የያኔው ኢልካ (የአፍሪካ የእንስሳት ምርምር ማዕከል) በ1983 እ.ኤ.አ. የአርሲን ክልስ ላሞች የተመለከተ ጥናት አሳትሟል። የአገሬው የአርሲ ላም በአንድ የአለባ ወቅት የምትሰጠው ወደ 800 ኪሎ ግራም ሲሆን ግማሽ ፍሪዥያኗ 2,000 ገደማ ትሰጣለች። አያቴ ቁጥሩን ስነግራቸው አልተደነቁም። “ብዛቱንስ በዛ፤ ውሃ ነው እንጂ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የፍሪዥያን ወተት ቅባቱ ከአገር ላም ያንሳል። ለመናጥ ብዙም የማያጓጓ፣ ግን የተትረፈረፈ ወተት ቤት ውስጥ ሲኖር ምን ታደርጋለህ? ድስት ላይ ታፈሰዋለህ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ስዊድንን አመስግነን እንበላ ነበር። አላለቀም።

ካዱ የተቋቋመው ለትንሹ ገበሬ ነው። አብዛኛው ትንሽ ገበሬ ግን ጭሰኛ ነበር፤ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬት የሚከፍል። መሬቱ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ብዙ ማፍራት ሲጀምር ባለ መሬቱ አንድ ነገር ገባው፤ ትራክተር ካለኝ ጭሰኛ ለምኔ? ሜዳው ሰፊ ነው፣ ስንዴው ያዋጣል። ፕሮጀክቱ ያገለግላቸዋል የተባሉት ሰዎች በፕሮጀክቱ ስኬት ምክንያት ከመሬታቸው ተነሡ። በኮድ ቋንቋ ይህ ስህተት አይባልም፤ ሲስተሙ በታዘዘው መሠረት በትክክል ሠርቷል። መሬቱ የማን እንደሆነ ግን ማንም አልነካም ነበር።

አያቶቼ ከነዚያ መሃል ናቸው። ከሁሩታ ብዙ በማይርቅ ቦታ ጭሰኛ ነበሩ። አያቴ ታሪኩን የሚናገሩት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ “ትራክተር ገባ፣ እኛ ወጣን።” ከተማ ገብተው አባወራው የቀን ሥራ ያዙ፣ እሳቸው ከገጠር የሚመጣ ቅቤና አይብ እየተቀበሉ ይቸረችሩ ነበር። የሌላ ሰው አይብ እየሸጡ ጎመን በውሃ የበሉባቸው ዓመታት ናቸው። ስንት ዓመት እንደሆነ ስጠይቃቸው “እስከ ስድሳ ሰባት” አሉኝ።

እዚህ ላይ የገዛ ማስታወሻዬ አሳሳተኝ። ካዱ 1967፣ አያቴም 1967። ለአንድ ምሽት ያህል “እንዴት ካዱ በመጣበት ዓመት ተመለሱ?” እያልኩ ራሴን አዞርኩ። የቀን መቁጠሪያ ነገር ነው፤ በሥራ ቦታ ስንቴ የፈታሁት ችግር ቤት ድረስ መጣብኝ። የካዱ 1967 የፈረንጅ ነው። የአያቴ 1967 የእኛ ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ የጋራ ሀብት ያደረገው አዋጅ የወጣበት ቀን። ጭሰኝነት ቀረ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በሁለቱ 1967ቶች መካከል ያሉት ሰባት ዓመት ከመንፈቅ የሚሆኑ ዓመታት ናቸው አያቶቼን ያፈናቀሏቸው።

አዋጁን የመለሰልን መሬት ብሎ የሚያከብር ቤት ነው ያደግኩት። ያው ደርግ በኋላ ያደረገውን ሁሉም ያውቃል፣ ቤታችንም አልማረውም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ነው። አያቴ ግን ዛሬም በነዚያ ሁለት ነገሮች ላይ ሐሳባቸው አይታረቅም። አዋጁን ይወዳሉ፣ ላሟን አያምኑም። ቤታችን የመጀመሪያዋ የፈረንጅ ላም በ1970ዎቹ መጨረሻ ስትገባ ከጎረቤት ሁሉ የተደሰተችው እናቴ ነበረች። አያቴ ለወራት ከወተቷ አልቀመሱም ይባላል። ያስወጣቸው ስንዴና ያቺ ላም ከአንድ ቤት እንደመጡ ያውቁ ነበራ።

ጾም ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከዚያ ውጭ ረቡዕና ዓርብ፣ የእናቴ ድስት ወተት አያይም፤ ወተቱ ወይ ይናጣል ወይ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይሄዳል። ያኔ ክሬሙ ሱፍ ነው። ሱፉ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠል ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል። አያቴ በዚህ ላይ ቅሬታ የላቸውም። ሱፍ ማንንም ከመሬቱ አላስነሳም።

የዚያን ዕለት ማታ እህቴ በመጨረሻ በእናቴ መንገድ ሠራችው። ድንችና ካሮቱ በሽንኩርትና በእርድ አልጫ ሆኖ ግማሽ ከበሰለ በኋላ ነው ጥቅል ጎመኑ የሚገባው። ቲማቲም የለም፤ ኮምጣጣ ከገባ ወተቱ ይቋጠራል። ሁለት ሦስት ድንች በማንኪያ ጀርባ ይደፈጠጣል፣ መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ወተቱ መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ከቀነሰ በኋላ፣ እየተማሰለ ይፈሳል። እናቴ ከላይ የማለዳውን ስልባቦት ጣል አደረገችበት።

አያቴ ቀመሱና ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። “ቅቤ ያንሰዋል” አሉ። ከዚያ መልሰው ሳቡት።