የመጀመሪያው ማጣሪያችን የት ሄደ?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ ጎዴ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ግንባታ ሲጀመር ዜናው “የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የነዳጅ ማጣሪያ” እየተባለ በየማኅበራዊ ሚዲያው ዞረ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለ ሰዎች ግን ዜናውን ሲሰሙ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ “የአሰቡስ?”

ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህች አገር ማጣሪያ ነበራት። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የራሷን ድፍድፍ ባይኖራትም የሰው ድፍድፍ ገዝታ፣ አጣርታ፣ ቤንዚንና ናፍጣ ስታከፋፍል ኖራለች። እኛ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለነው ነፍስ ያወቅነው ማጣሪያው ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ስለ አሰብ የምንሰማው ወይ ስለ ወደብ ነው፣ ወይ ስለ ጦርነት። ማጣሪያው ግን የራሱ ታሪክ አለው። እስኪ ከሥሩ እንጀምር። (“ዓ.ም.” ብለን ካልጻፍን በስተቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ጃንሆይ በሞስኮ

1959 ላይ ኢትዮጵያ የአሜሪካ የቅርብ ወዳጅ ነበረች። አስመራ ውስጥ የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ ነበረው። ጃንሆይ ግን እንቁላላቸውን ሁሉ በአንድ ሌማት የሚያስቀምጡ ሰው አልነበሩም። በዚያው ዓመት ክረምት ሞስኮ ድረስ ሄደው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ተፈቀደላቸው፤ በጊዜው ምንዛሪ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። የአሰብ ማጣሪያ የዚህ ጉዞ ፍሬ ነው።

ማጣሪያው በ1967 ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ በዓመት 500 ሺህ ቶን ድፍድፍ የማጣራት አቅም ነበረው፤ በኋላ ወደ 800 ሺህ ቶን አደገ። ድፍድፉ በመርከብ ይመጣል፣ አሰብ ላይ ይጣራል፣ ከዚያ በቦቴ ተጭኖ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በሚሌና በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስፈግግ ነገር አለ። ኮሚኒስቶቹ በሠሩት ማጣሪያ የተጣራው ቤንዚን ለሕዝቡ የሚሸጠው በሼል፣ በሞቢል፣ በአጂፕና በቶታል ማደያዎች ነበር። ቀዝቃዛው ጦርነት ዓለምን ለሁለት ሲከፍል፣ በእኛ አገር ግን ሁለቱ ጎራዎች በአንድ የቤንዚን ቧንቧ ተገናኝተው ነበር።

ማጣሪያ ነዳጅ አያፈልቅም

ማጣሪያ ማለት ትልቅ ማእድ ቤት ነው። ድፍድፉ በምድጃ ይሞቅና ወደ ረጅም ማማ ይገባል። ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል፦ ጋዝ፣ ከዚያ ቤንዚን። መሐል ላይ ነጭ ጋዝና ናፍጣ ይወጣሉ። ከታች የሚቀረው ጥቁሩና ከባዱ ነዳጅ ነው። ማእድ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ግን ጤፉን አያበቅልም። ጤፉ መገዛት አለበት።

ይህን እውነት በ1966 ዓ.ም. በደንብ አየነው። በ1973 መጨረሻ የአረብና የእስራኤል ጦርነትን ተከትሎ የድፍድፍ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሲንር፣ አሰብ ላይ የራሳችን ማጣሪያ ቆሞ ነበር። ግን አላዳነንም። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን አደሙ። መንግሥት በቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ መልሶ ቀነሰ፣ ግን ዘገየ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ ወረደ። የአብዮቱ ሰበብ ብዙ ነው፤ ጥሪውን ካሰሙት ድምፆች አንዱ ግን የታክሲ ጥሩምባ ነበር።

ደርግ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ አዲስ ወዳጅ ነበር። በ1980ዎቹ የአገሪቱ ድፍድፍ በአብዛኛው ከሶቪየት ኅብረት ይመጣ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ራሷ በ1991 መጨረሻ ስትፈርስ ግን ያ ወዳጅነትም አብሮ አከተመ።

ማጣሪያው እዚያ፣ ደንበኛው እዚህ

የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር በግንቦት 1991 አሰብን ያዘ። በቀናት ውስጥ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። በአንድ ሌሊት ማጣሪያው በአንድ አገር፣ ምርቱን በብዛት የሚገዛው ሕዝብ ደግሞ በሌላ አገር ሆነ።

ብዙዎቻችን “ማጣሪያውን የዘጋው ጦርነቱ ነው” ብለን ስንሰማ አድገናል። አይደለም። የባድመ ጦርነት የተነሣው በግንቦት 1998 ነው፤ ማጣሪያው የቆመው በ1997፣ ሁለቱ መንግሥታት ገና በወዳጅነት ሳሉ ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነበር። ፋብሪካው አርጅቷል፣ ትንሽ ነው፣ ወጪው ብዙ ነው። ድፍድፍ ገዝቶ ከማጣራት ይልቅ የተጣራውን ከውጭ መግዛት ረከሰ።

ትንሽነቱን በዛሬ ሚዛን እንየው። 800 ሺህ ቶን በዓመት ማለት በቀን 16 ሺህ በርሜል ያህል ነው። የናይጄሪያው ዳንጎቴ ማጣሪያ 650 ሺህ በርሜል እንዲያጣራ ነው የተሠራው። እሱም ቢሆን፣ ነዳጅ አምራች አገር ላይ ተቀምጦ፣ ከአሜሪካ ሳይቀር ድፍድፍ ሲገዛ አይተናል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በወደቡ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የነዳጁ መንገድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እነሆ ከዚያ ወዲህ የምናውቀው አንድ ታሪክ ነው፦ የተጣራ ነዳጅ፣ በዶላር፣ በጅቡቲ በኩል፣ በቦቴ። በማደያው ደጃፍ የተሰለፈው ሰልፍም የዚሁ ታሪክ ጭራ ነው።

ታዲያ ጎዴ?

ጎዴ ላይ የታቀደው ማጣሪያ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን እንዲያጣራ ነው፤ የአሰብን አራት እጥፍ ይበልጣል። ድፍድፉም ከኦጋዴኑ የሂላላ መስክ እንደሚቀርብ ተነግሯል። ይህ ከተሳካ ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው፦ ማእድ ቤቱም ጤፉም የእኛ ይሆናሉ።

እኛ ጨለምተኞች አይደለንም፤ ቢሳካ ደስታችን ነው። ሪባን ሲቆረጥ ከማጨብጨባችን በፊት ግን አሰብ ያስተማረንን ሦስት ጥያቄዎች እናንሣ። ድፍድፉ በቂ ካልሆነ ከየት፣ በምን መንገድ ይመጣል? ከማማው የሚወጣው ናፍጣ የጭነት መኪኖቻችንን ፍላጎት ያህል ነው ወይ? ከሃያ ዓመት በኋላ ማሽኑ ሲያረጅ ለማደሻ የሚሆነውን ገንዘብ ከአሁኑ የሚያስቀምጠው ማን ነው?

የአሰብ ማጣሪያ በጥይት አልሞተም። የሞተው እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሲጠፋ ነው። “የመጀመሪያው” የምትለዋ ቃል ያሳሰበችንም ለዚህ ነው፦ አንደኛውን የረሳ ሰው ከሁለተኛው ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ቸር እንሰንብት።