የማሚ ወንበር

«ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለው ርእስ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ፣ የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መልሶታል። እኔም «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን፣ ፊልሙን ማለቴ ነው፣ ያየሁት መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቀለሙም፣ አልባሳቱም፣ የአትላንታ ቃጠሎም ዛሬም ዐይን ይይዛሉ። ሆኖም ፊልሙ የባርነትን ዘመን እንደ ጠፋ ገነት ያለቅስለታል፤ ባሮቹም ጌቶቻቸውን ከመውደድ በቀር ሌላ ሐሳብ ያላቸው አይመስሉም። ይህን ውሸት የሚያጋልጠው ታሪክ ያለው ከስክሪኑ ውጭ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1939 አትላንታ ላይ በታላቅ ድግስ ሲመረቅ፣ ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል አልተገኘችም። በጆርጂያ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ አይቀመጡም ነበርና። በየካቲት 1940 ሎስ አንጀለስ ላይ በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ተሸለመች፤ ይህን ሽልማት በማግኘት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያዋ ናት። ስሟ ሲጠራ የተነሣችው ግን ከፊልም ባልደረቦቿ ተለይታ ከተቀመጠችበት ጠረጴዛ ነው። ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት፣ ሁፒ ጎልድበርግ፣ በትወና እስክትሸለም 51 ዓመት አለፈ።

ፊልሙ አይታይ አልልም። የታሪክ ፊልም ከሚተርከው ዘመን ይልቅ የተሠራበትን ዘመን ይናገራልና፣ ስናየው የማሚን ወንበር አንርሳ ነው የምለው።