«ማሕሌት» ስለሚባለው ስም

ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ስትወለድልን ስሟ «ማሕሌት» እንዲሆን ከባለቤቴ ጋር ያለ ክርክር ተስማማን። ክርክሩ የመጣው በአጻጻፉ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱን የሞላው ጸሐፊ በብዙኃኑ «ኅ» ጻፈው። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉት አያቷ ወረቀቱን ገና እንዳዩ «ልጅቷን ከዘማሪነት ወደ አሳቢነት አዛወራችኋት» ብለው ሳቁ። በስሌት ውስጥ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ስትገባ የሚሆነውን ለምናውቅ ለእኛ ለመሐንዲሶች ነገሩ እንዲሁ የሚታለፍ አልነበረምና መመርመር ያዝሁ።

አያቷ እውነት አላቸው። በግዕዝ በሐመሩ «ሐ» የሚጻፈው «ሐለየ» ዘመረ ማለት ሲሆን፣ በብዙኃኑ «ኀ» የሚጻፈው «ኀለየ» አሰበ ማለት ነው፤ ኅሊና የሚለው ቃል የተገኘውም ከዚሁ ነው። ማሕሌት ግን ከማሕልየ መሓልይ ጋር የፊተኛው ግስ ዘር ነው። አማርኛ ሁሉንም «ሀ» በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ ልዩነቱ ከጆሮ ጠፍቶ በብዕር ብቻ ቀርቷል።

እንግዲህ ቃሉ በሥሩ ዜማ ነው እንጂ ውዝዋዜ አይደለም። ይሁን እንጂ በበዓል ሌሊት በቅኔ ማሕሌት የቆመ ሰው ሁለቱን ለይቶ ሊያስብ አይችልም። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ዜማውን በመጀመሪያ ያለ እንቅስቃሴ ይሉታል፤ ቀጥለው በመቋሚያ ይዘሙታል፤ ከዚያም ጸናጽልና ከበሮ ገብተውበት በመረግድ ይጀመርና በጽፋት ይፈጥናል። በወረቡ ጊዜ ሰልፉ በሙሉ ያሸበሽባል። ትውፊቱ በ6ኛው መቶ ዓመት ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ይህ ሥርዓት ነው ቃሉን ከጉሮሮ ወደ እግር ያወረደው።

የሚገርመው «ዘፈን» በተቃራኒው መንገድ መሄዱ ነው። በግዕዝ «ዘፈነ» በእግር መጨፈር ነበር፤ በአማርኛ ግን ከእግር ወደ አፍ ወጣ። የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ ፊት «ዘፈነች» የሚለውን የወንጌል ንባብ የሚሰማ የዛሬ ሰው ያንጎራጎረች ይመስለዋል።

ስም ከእንቅስቃሴ እንደሚወጣ ሁሉ እንቅስቃሴም ከሰው ስም ይወጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አለቃ ገብረ ሐና፣ ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው፣ የጣናን ማዕበልና የቀርከሃን መወዛወዝ ተመልክተው አዲስ አቋቋም እንዳወጡ ይነገራል። ጎንደር አልቀበል ስላለ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ስሙም እስከ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ስሙ የሚወጣው ለሴት ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ መቋሚያውን ይዘው ለማሕሌት የሚቆሙት ወንዶች ናቸው፤ የሴቶች ድርሻ እልልታ ነበር። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት ወረብ የሚያቀርቡ ሴቶች ልጆች ይታያሉ። የእኔዪቱ ገና መቆም እየተለማመደች ነው። አያቷ ከበሮ ሲመቱላት ትወዛወዛለች፤ የምስክር ወረቀቷን ለማሳረም ያቀረብሁት ማመልከቻ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም።