የአቢሲኒያ ድመት እና የዘር ወረቀቷ

«አቢሲኒያን» የሚሏት አጭር ፀጉር ድመት በዓለም ገበያ የአገራችንን ስም ይዛ ትሸጣለች። ገዢው ከግልገሏ ጋር የዘር ሐረጓን የሚቆጥር የምዝገባ ወረቀት ይረከባል፤ ከኢትዮጵያ መጣች ለሚለው ታሪክም አብሮ ይከፍላል። ወረቀቱን ወደ ኋላ ብንከተለው ግን እንግሊዝ አገር ደርሶ ይቆማል፤ ቀይ ባሕርን አይሻገርም።

ታሪኩ የሚነሳው ከመቅደላ ዘመቻ ነው። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነስቶ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዕለት ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1874 እ.ኤ.አ.፣ ጎርደን ስቴብልስ ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የ«ዙላ» ሥዕል ወጣ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ከአቢሲኒያ የመጣች ድመት ተብላ። የኢትዮጵያ ዘር ናት የሚሉ ሰዎች የሚይዙት ዋነኛ ማስረጃ ይኸው ነው። ይህቺን ዙላን ከዛሬዎቹ ድመቶች ጋር የሚያገናኝ የትውልድ ሰንሰለት ግን የለም። በእንግሊዝ ብሔራዊ የድመት ክበብ መዝገብ በ1896 እ.ኤ.አ. የገቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አቢሲኒያኖች፣ ሴጅሚር ቦትል እና ሴጅሚር ፒቲ፣ የተወለዱት በ1892 እና በ1894 ነው፤ መቅደላ ከወደቀች ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። በዚያ ላይ በሆላንድ የላይደን ሙዚየም በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባች፣ ተመሳሳይ ፀጉር ያላት፣ ቆዳዋ ተሞልቶ የተቀመጠች ድመት አለች፤ አገሯ ተብሎ የተጻፈላት ህንድ ነው። የዘረመል ጥናትም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በእኛ አገር ድመት ለጎረቤት ትሰጣለች እንጂ አትመዘገብም፤ እንስሳ የሚታወቀው በሰው አፍ ነው። የካ ላይ በእንግሊዝ ኤምባሲ ደጅ የሚያልፈው መንገድ የአርበኛው ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ስም ወጥቶለት ኖሯል፤ «አባ ተጫን» የሚለው የፈረስ ስም ያለ አንዳች ወረቀት ትውልድ ተሻግሯል። እንግዲያስ የወረቀት አለመኖር ምን ያስረዳል? ክርክሩ ስለ እኛ እውነት ነው። መጻፍ የነበረባቸው ግን እንግሊዞቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መመዝገብ አልሰነፉም። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር ዘምቷል፤ ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት በሙዚየሙ መዝገብ ገብተዋል፤ የቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ጉዞም ተጽፏል። ድመቷ ብቻ ናት ያለ ምስክር የቀረችው። ዙላ በእርግጥም ከዚያ ወደብ ተነስታ ቢሆን እንኳ፣ ጦሩ በአብዛኛው ከቦምቤይ በመርከብ የመጣ ነውና ከህንድ መርከብ የወረደች ድመት ልትሆን ትችላለች። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ከላይደኗ ድመት ጋር ግን ይስማማል።

ስሙ እኛን ካስከበረ ምን ጎዳን የሚሉም አሉ። የሚጎዳው ገዢው ነው፤ በስሙ ተማርኮ ወረቀቱ ዝም ያለበትን ሳይጠይቅ ስለሚከፍል። አዲስ አበባ መሪ ሰፈር ያለም ሆነ ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ድመቷን ከእንግሊዝ ሲገዛ ልክ እንደ መኪና ሊብሬ የስም ማዛወሪያ ክፍያ አለበት። ለእርባታ ያልተፈቀደች ተብላ ከተመዘገበች ደግሞ የምትወልዳቸው አይመዘገቡም፤ ወልዳ ወጪዋን ትመልሳለች ብሎ ያሰበ ሰው ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከከፈለ በኋላ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመጣች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ የጤና ምስክር ወረቀትና የአውሮፕላን ጭነት ይጨመራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዓይኗ ነው። ጥቂት ድመቶች እርስ በርስ ሲዳቀሉ በኖሩበት በዚህ ዘር ውስጥ የዓይንን ውስጠኛ ግድግዳ ቀስ በቀስ የሚያደርቅ የውርስ በሽታ አለ፤ መንስኤው የዘረመል ጉድለት የታወቀው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ዘረመሏ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበላት ድመት፣ ሲናሞን፣ አቢሲኒያን ነበረች፤ የመጣችውም ይህ በሽታ ከሚጠናበት የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ግልገሏ በሦስት ወሯ ስትሸጥ ደህና ታያለች፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ካደገች በኋላ ነው። የዘር ሐረግ ወረቀቱ አያቶቿን በስም ይዘረዝራል እንጂ ከመካከላቸው ማን እንደታወረ አይናገርም። ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከማስያዙ በፊት የአባትና የእናቷን የዘረመል ምርመራ ውጤት መጠየቅ አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከጉድለቱ ነፃ ከሆነ ግልገሏ በዚህ በሽታ አትታወርም።