ክፉ ወሬ መደበቅ ማንን ጠቀመ?



በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፋችን ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል ልጆቻችን «ኅዳር ሲታጠን ምንድን ነው?» ይሉናል። እኛም «የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው» ብለን እናልፋለን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ በሽታ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 10 ሺህ የሚደርስ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ቀባሪ ያጣው ሬሳም ብዙ ነበር።

በሽታው ግን የኛ ብቻ አልነበረም፤ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ፈረንጆቹ «የስፓኝ በሽታ» አሉት። ይህንም ስም ያገኘው ከስፓኝ ስለ ተነሣ አይደለም። በጦርነት ላይ የነበሩት መንግሥታት ወሬውን ሲያፍኑ፣ ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው የስፓኝ ጋዜጦች በግልጽ ስለ ጻፉ ነው። እንግዲህ እውነቱን የተናገረው ስሙ ጠፋ ማለት ነው።

ወሬ መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ከአሜሪካ ሁለት ከተሞች እንመልከት። በመስከረም 1911 ዓ.ም. በፊላደልፊያ የባሕር ኃይል ሰፈር 600 ያህል መርከበኞች ታመው ተኝተዋል። የከተማው የጤና ሹም ዶክተር ዊልመር ክሩሰን ግን ነገሩ ተራ ጉንፋን ነው አሉ። ለጦርነቱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ትልቅ ሰልፍ ተደግሶ ነበርና ሐኪሞች «ኧረ ይቅር!» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። እኛ መስቀልን ባከበርን ማግሥት፣ መስከረም 18 ቀን፣ 200 ሺህ ያህል ሰው አደባባይ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ምን ይሁን? በጥቂት ቀን ውስጥ ሐኪም ቤቶቹ ሞሉ። መስከረም 23 ቀን ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ። ያን ጊዜም ቢሆን ጋዜጣው ሕዝቡን «ስለ በሽታው አታውሩ፣ ደስ የሚል ነገር አውሩ» ይለው ነበር። ሰው ግን የጎረቤቱ ሬሳ ሲወጣ በዓይኑ እያየ በጋዜጣው እንዴት ይመን? የሹሞቹን ቃል ማመን ተወ፤ እርስ በርሱም ተፈራራ፤ የታመመ ጎረቤቱን በር የሚያንኳኳ ጠፋ። በ6 ሳምንት ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ሣጥን ታጣ፤ ያለውም ዋጋው ተሰቀለ። ሬሳ በየቤቱ ሰነበተ፤ መቃብር የሚቆፍር ሰው ስላልተገኘም በማሽን ጉድጓድ ተማሰ። ያን የሚያህል ሀብታም ከተማ ሙታኑን መቅበር አቃተው!

በሴይንት ሉዊስ ከተማ ግን የጤናው ሹም ዶክተር ማክስ ስታርክሎፍ አስቀድመው ሐኪሞች በሽተኛ ሲያገኙ እንዲያስታውቁ አደረጉ፤ ሕዝቡም ከግርግር እንዲርቅ በጋዜጣ አስጠነቀቁ። በሽታው በከተማው ነዋሪ ላይ በታየ በ2ኛው ቀን፣ መስከረም 27፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ቲያትር ቤት እንዲዘጋ ከከንቲባው ጋር ሆነው አዘዙ። ነጋዴው አጉረመረመ። ኋላም ትእዛዙ ሲላላ በሽታው አገረሸና እንደገና ተዘጋ። እንዲህም ሆኖ በሕዝቡ ቍጥር ሲመዘን የፊላደልፊያ ሟች የሴይንት ሉዊስን እጥፍ ያህል ነበር።

«ሕዝቡ እንዳይሸበር» ተብሎ የተደበቀ ወሬ ሕዝቡን ይበልጥ አሸበረው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለከተማም ነው።

ለኛም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር፣ ኋላም የታመመውና የሞተው ቍጥር በየቀኑ ሲገለጽ «ኧረ አታስጨንቁን» ያልን አልጠፋንም። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከልና ለቅሶ እንደ ልማዳችን መድረስ ሲቀር አንጀታችን አርሯል። ነገር ግን ምክንያቱ ስለ ተነገረን ቻልነው።

ዕድራችንም የቆመው በወሬ ላይ ነው። ለፋፊያችን በሌሊት ጥሩምባውን ሲነፋ ማንም ደስ አይለውም፤ ዝም ቢል ግን ሬሳው ብቻውን ያድራል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በቤታችን ተላላፊ በሽታ ሲገባ አንደብቅ፤ የተናገረውንም ቤት አናግልል። ሰው የሚደብቀው መገለልን ፈርቶ ነውና፣ ይህን ፍርሃት ከሰፈራችን ማስወጣት የሁላችንም ፋንታ ነው።

ዕድሜና ጤና ለሁላችን ይስጠን።