የገበሬው የዘር ሐረግ፦ ትውልድ ቆጠራና ርስት በይፋግ አካባቢ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አነጋገር ዛሬ ለሚሰማው የመጽናኛ ቃል ሊመስለው ይችላል። በበጌምድር ምድር ይኖር ለነበረው ባለርስት ገበሬ ግን የሕግ አንቀጽ ነበር። አባቶቹ ያቀኑትን መሬት ለመጠየቅ ከሽማግሌዎች ፊት የሚቆም ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ካርታ፣ በሣጥኑ የውል ወረቀት አልነበረውም። ማስረጃው የአያት ቅድመ አያቶቹ ስም ነው። ከራሱ ተነሥቶ፣ ሳይሳሳትና ሳይዘል፣ እስከ አቅኚው አባት ከደረሰ ድርሻውን ለመጠየቅ ይበቃል፤ አንዲት ስም ከጠፋችበት ግን ሙግቱም መሬቱም ከእጁ ሊወጣ ይችላል።

የነገሥታቱ ሐረግ በብራና ተጽፎ ቆይቶልናል፤ የመሳፍንቱም ትውልድ በዜና መዋዕልና በአዝማሪ ቃል ሲወሳ ኖሯል። የአራሹ ገበሬ ሐረግ ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኘም። ይሁን እንጂ ለሰፊው ሕዝብ የዕለት ኑሮ ከንጉሡ ትውልድ ይልቅ የገዛ አያቱ ማንነት የበለጠ ክብደት ነበረው፤ እንጀራው የተንጠለጠለው በዚያ ላይ ነበርና። ስለዚህ ይህ የገበሬ ሐረግ ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበረ፣ ማንን አቅፎ ማንን እንዳስቀረ፣ ዛሬስ ምን ላይ እንደሚገኝ ይፋግን መነሻ አድርገን እንመርምር።

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በሊቦ ከምከም የምትገኝ ጥንታዊ የገበያ ስፍራ ናት። በስተደቡቧ በከብቱ የታወቀው የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በስተሰሜኗ በእንፍራዝ የዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደ ሆነ የሚነገርለት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ገበያዋ በ19ኛው መቶ ዓመት በበጌምድር ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ነበር። አካባቢው ለጎንደርም ለደብረ ታቦርም ቅርብ በመሆኑ ጌታ ይፈራረቅበት ነበር። የየጁ ራሶች ከደብረ ታቦር ሆነው ገዙት፤ በ1845 ዓ.ም. ራስ አሊ በአይሻል ድል ሲሆኑ የአገሩ ሥልጣን ወደ ደጃዝማች ካሣ፣ ወደ ኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ተላለፈ። ጌታ በተለወጠ ቁጥር በዋናነት የሚለወጠው ጉልቱ፣ ማለትም ከገበሬው ግብር የመቀበል መብት ነው። ርስቱ፣ ማለትም አፈሩን የማረስና ለልጅ የማውረስ መብት፣ ከአቅኚው ዘር ጋር ይቆያል። ገበሬው ለአዲሱ ጌታ እጅ እየነሣ ግብሩን ይከፍላል፤ የአባቶቹን ስም ግን ከልቡ አያወጣም።

የርስት ሕግ በአባት ብቻ የሚቆጠር አልነበረም። ወንዱም ሴቷም ከአባትም ከእናትም ወገን የመካፈል መብት ነበራቸው። አንድ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ እየተባለ ሰባተኛው ትውልድ ላይ ሲደረስ ቁጥሩ 128 ይሆናል። በመርሕ ደረጃ በእነዚህ ሁሉ ቅርንጫፎች በኩል ርስት መጠየቅ ይቻል ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በጎጃም ደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያሳትም ይህንኑ አስረድቷል፤ ገበሬው በብዙ ሐረግ ተወላጅ ነው፤ በተግባር የሚያርሰው ግን ከእነዚህ በጥቂቶቹ ያገኘውን ነው። የሚያበጥረው ሐረጉን ማወቁ፣ ከጎኑ የሚቆም ዘመድ ማግኘቱና የመሟገት ችሎታው ነበር። ጉልበትና ሹመት ያለውም ሰው ከድኻው ይልቅ ብዙ ሐረግ ሊመዝዝ ይችል ነበር።

የኪነ ጥበብ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። የርስት ሙግት ከሕግነቱ ሌላ የቃል ጥበብ መድረክ ነበር። ዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በበልሃ ልበልሃ ሲጠያየቁ፣ እያንዳንዱ ስም እንደ ምስክር ይጠራል። አድማጩ ሥራ ፈት ተመልካች አይደለም፤ ከስሞቹ አንዱ የእርሱም አያት ሊሆን ይችላልና በጥሞና ያደምጣል። እዚያ መድረክ ላይ «እገሌ ልጅ ሳይወልድ ሞተ» የምትባል አንዲት አጭር ቃል ከማንኛውም ጦር የከፋች ናት። እውነት ከሆነች ሙግቱን ትዘጋለች፤ ሐሰት ሆና ከታመነች ደግሞ በሕይወት ያለን ሙሉ ቤተሰብ ከመሬቱ ትነቅላለች። ስለሆነም በቃል የቆየልን የትውልድ ቆጠራ ሁሉ ንጹሕ እውነት ነው ብለን መቀበል የለብንም። ብዙዉ በሙግት የተሞረደ፣ አሸናፊው የተረከው ታሪክ ነው።

ከቃሉ ጎን ጽሑፍም አልጠፋም። የጎንደርና የአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭንና ክርክርን በወንጌላትና በሌሎች መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ መዝግበዋል። ታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እነዚህን መዛግብት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ በጌምድር ሴቶች ንብረትና ሙግት ባወጣው ጥናት፣ ሴቶች በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ባለንብረትና ተሟጋች ሆነው እንደሚገኙ አሳይቷል። ይህ ማስረጃ የአገራችን ሴት በጥንቱ ሥርዓት ከመብት ሁሉ የራቀች ነበረች የሚለውን የተለመደ አስተያየት ያርማል። በአንጻሩ ብዙውን ጊዜ አግብታ ወደ ባሏ አገር የምትሄድ በመሆኗ፣ የትውልድ ርስቷን ከወንድሞቿ እጅ ማውጣት ቀላል እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም።

ነገሩን ከሌላው ዓለም ጋር ብናነጻጽረው ይበልጥ ይጎላል። በአሜሪካ ቀደም ብለው የሰፈሩ የገበሬ ቤተሰቦችን ሐረግ የሚከታተል ሰው የኑዛዜና የመሬት ሽያጭ መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይና በቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፈ የልደት ዝርዝር ያገላብጣል። እ.ኤ.አ. በ1790 የተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ግን በስሙ የመዘገበው የቤቱን አባወራ ወይም እማወራ ብቻ ነው፤ የቀረው ቤተሰብ በቁጥር ታልፏል። እ.ኤ.አ. በ1850ና በ1860 በተዘጋጁት የባሪያዎች መዝገቦችም በባርነት የተያዙት አፍሪካውያን ከጥቂቶች በቀር በዕድሜና በጾታ እንጂ በስም አልተጻፉም። በዚያ አገር መሬት በገንዘብ ስለሚሸጥና ስለሚለወጥ የሩቅ አያትን ስም ማወቅ ለብዙዎች የክብርና የፍቅር ጉዳይ ነው። በይፋግ ግን ስሙ ራሱ የይዞታ ማረጋገጫ ነበር። በሁለቱም አገር ያልተጻፈው ወይም ያልተቆጠረው ሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ግን የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው።

በበጌምድር ያልተቆጠሩት እነማን ነበሩ? ማረሻውን የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ፣ እንስራውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ከሌላ አገር መጥቶ በሰው ርስት ላይ የሚያርሰው ጭሰኛ፣ በባርነት የኖረው ሰው ከባለርስቱ ሐረግ ውጭ ነበሩ። ቤተ እስራኤላውያንና እስላሞችም በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። የይፋግን ገበያ ካቆሙት እጆች ብዙዎቹ የእነዚህ ሰዎች እጆች ናቸው። እነርሱም አባትና አያት ነበሯቸው፤ ስማቸውን ግን ሽማግሌ ፊት ቆሞ እንዲቆጥር የጠየቃቸው አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ይህ ሥርዓት አከተመ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ሲፈቅድ፣ በፈቃዱ ለሚያርስ ሰው ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት መብት ሰጠ። እንደ በጌምድር ባሉ የርስት አገሮች ደግሞ ገበሬው ያን ጊዜ የሚያርሰውን ይዞ እንዲቆይ ደነገገ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ድልድል «ቢሮክራሲ» እና «ፊውዳል» የተባሉ ገበሬዎች ይዞታቸው በአራት ጥማድ፣ ማለትም በአንድ ሄክታር እንዲወሰን ተደርጓል፤ መሬትን የሚወስነው ያለፈ ታሪክ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ የታደለው የይዞታ ደብተር ደግሞ የባልንና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይዟል። በቃል ይቆጠር የነበረው የእናት ወገን መብት በወረቀት ላይ በሌላ መንገድ ቦታ አገኘ።

ዛሬ ትውልድ ቆጠራ የቀረው ዋና ሥራ ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ ሽማግሌዎች ይቆጥራሉ። መሬት የማይገኝበትን ስም ግን ወጣቱ ለማጥናት አይገደድም፤ በርስት ሙግት ያደጉት አዛውንት ባለፉ ቁጥር አንድ መዝገብ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ በየወረዳው ያለ መምህርና የኪነት ሰው ደብተሩን ይዞ ወደ አዛውንቱ ይሂድ። ሲጠይቅ ከአባት ወገን ጋር የእናትን ወገን ይጠይቅ። ክርክሩን ካሸነፈው ቤት ወጥቶ ወደ ተሸነፈው ቤትም ይግባ። ከባለርስቱ ደጅ ሲመለስ ደግሞ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ልጆች ጎራ ይበል፤ የአያታቸውን ስም ጠይቆ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ይጻፈው።